የገበሬው ጋሪ በግድግዳ ላይ፦ የአንድ ሸራና የአንድ የድንጋይ ኅትመት ግምገማ

በአሜሪካ የቤት ማስጌጫ መደብሮችና የኢንተርኔት ገበያዎች ከሚሸጡት የግድግዳ ሥዕሎች መካከል የድሮ የእርሻ ጋሪ የሚታይባቸው ሥራዎች ሰፊ ቦታ ይዘዋል። ወተት የጫነ ባለ አንድ ፈረስ ጋሪ፣ ዱባና ፖም የተከመረበት ትልቅ የገበያ ጋሪ፣ በበረዶ መካከል ወደ ከተማ የሚያዘግም ድርቆሽ የጫነ ጋሪ፤ እነዚህ ሁሉ በሸራ፣ በቆርቆሮ፣ በወጥ ቤት ፎጣና በገና ካርድ ላይ ሳይቀር ታትመው ይቀርባሉ። ለመመገቢያ ክፍላችን እንዲህ ያለ ሥዕል ስንፈልግ ቆይተን በመጨረሻ ሁለት ገዛን። አንደኛው በዘመናችን ተሠርቶ ሸራ ላይ የታተመ የወተት ጋሪ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1856 ናትናኤል ከሪየር ኒው ዮርክ ውስጥ ያሳተመውና ስሙ በአማርኛ «ለገበያ መሰናዳት» ሊባል የሚችለው ሊቶግራፍ፣ ማለትም የድንጋይ ኅትመት፣ ቅጂ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱን ስመዝን የተጠቀምሁበት መለኪያ አንድ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ጋሪ ከሥዕሉ ወጥቶ ቢለቀቅ መሄድ ይችላል ወይስ አይችልም? ይህ ለግድግዳ ማስጌጫ የበዛ ፈተና ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ሥራዎች የሚሸጡት በቀለማቸው ብቻ ሳይሆን «ድሮ እንዲህ ነበር» በሚል ቃል ነው፤ ስለዚህ ድሮ በእርግጥ እንዲያ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። ደግሞም ደብረ ዘይት፣ ሞጆ ወይም ሻሸመኔ ያደገና የጋሪ ፈረስ ሲታሠርና ሲፈታ እያየ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ሰው፣ ጠፍሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ሳያስበው ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው የተሳሳተ የጋሪ ሥዕል ፊት ለፊት ተቀምጦ በየቀኑ ምሳ መብላት አይሆንለትም።

ከሸራው ልጀምር። የገዛሁት የቤት ማስጌጫ ከሚሸጥ አንድ የኢንተርኔት መደብር ነው፤ የመደብሩን ስም አላነሣም፣ ተመሳሳይ ምስል በሌሎች ብዙ ሻጮችም ዘንድ ስላየሁ። ስፋቱ 90 በ60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ዋጋው ከነመላኪያው 80 ዶላር ግድም ነበር። በሥዕሉ ላይ አንድ ቡናማ ፈረስ ነጭ ቀለም የተቀባ የወተት ጋሪ እየጎተተ ከኮረብታ ላይ ይወርዳል፤ በስተኋላ ቀይ ጎተራ ይታያል፤ በጋሪው ጎን ላይ በጌጠኛ ፊደል «ንጹሕ የገጠር ወተት፣ ከ1850 ጀምሮ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ክፍት በሆነው በር በኩል በሣጥን የተደረደሩ የመስታወት ጠርሙሶች ያብለጨልጫሉ። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ብርሃኑ የማለዳ ብርሃን ነው፣ የኮረብታው አረንጓዴም ዓይን አያደክምም፤ ይህን መካድ አልፈልግም።

ቀረብ ሲሉ ግን ነገሩ ይፈርሳል። ፈረስ ጋሪ የሚጎትተው በአንገቱ ሳይሆን በትከሻው ነው፤ በአንገቱ ዙሪያ የሚጠለቀው ወፍራም ትራስ ትከሻው ላይ ያርፋል፣ ከትራሱ ግራና ቀኝ የሚነሡት ሁለት የመጎተቻ ጠፍሮችም በፈረሱ ጎን አልፈው በጋሪው ፊት ካለች ተወዛዋዥ አግዳሚ እንጨት ላይ ይታሠራሉ። ጭነቱ የሚንቀሳቀሰው በእነዚህ ሁለት ጠፍሮች ነው። በሸራው ላይ ትራሱ በሚገባ ተሥሏል፣ ጠፍሮቹ ግን የፈረሱ ሆድ ዘንድ ደርሰው ይጠፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ፈረሱ ወደፊት ቢራመድ ጋሪው እዚያው ይቀራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሥዕሉ ቁልቁለት ላይ መሆኑ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ጋሪው ፈረሱን እንዳይገፋው የሚይዘው በፈረሱ ዳሌ ዙሪያ የሚያልፈው የኋላ ጠፍር ነው፤ ፈረሱ ወደኋላ ሲቀመጥበት ጋሪው ይገታል። ይህ ጠፍር በሸራው ላይ ፈጽሞ አልተሣለም፣ በመንኮራኩሩ ላይ የሚጫን የእንጨት ፍሬንም የለም። ስለዚህ ከኮረብታው ግርጌ ሲደርስ የሚፈጠረውን ማሰብ ለተመልካቹ ይቀራል።

መንኮራኩሮቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ባለ አራት መንኮራኩር ጋሪ የሚጠመዘዘው የፊተኛው አክሰል በመካከሉ ባለ ወፍራም የብረት ካስማ ላይ ስለሚዞር ነው፤ የፊቶቹ መንኮራኩሮች በአብዛኛው ከኋለኞቹ አነስ የሚሉትም ሲጠመዘዙ ከጋሪው ሣጥን ሥር እንዲገቡ ነው። ፈረሱን ከግራና ቀኝ የሚያቅፉት ሁለት እንጨቶችም ከዚሁ ከሚዞረው አክሰል ጋር ይያያዛሉ። በሸራው ላይ አራቱም መንኮራኩሮች እኩል ናቸው፤ ሁለቱ እንጨቶችም በቀጥታ ከሣጥኑ ጋር ተያይዘዋል። እንዲህ ያለው አሠራር የእኛ አገር ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ነው፤ እዚያ ጋሪው ሁሉ ከፈረሱ ጋር አብሮ ስለሚዞር ምንም ችግር የለውም። አራት መንኮራኩር ላይ ግን ጋሪው ለዘላለም ቀጥ ብሎ ብቻ እንዲሄድ ይፈርድበታል። የአንዱን መንኮራኩር ዘንጎች ስቆጥር አሥራ አንድ ሆኑ። የእንጨት መንኮራኩር ክብ ከቁርጥራጭ ጎባጣ እንጨቶች የሚገጣጠም ሲሆን እያንዳንዱ ቁራጭ ዘወትር ሁለት ዘንግ ስለሚቀበል የዘንጎቹ ብዛት በተለመደው አሠራር ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር ማየት ሠዓሊው፣ ወይም ሥዕሉን ያመነጨው መሣሪያ፣ መንኮራኩር ተመልክቶ እንደማያውቅ ይመሰክራል። በመጨረሻ በዚህ ሁሉ ላይ የሚጠበቀው የብረት ቀለበት አለ፤ ብረቱ በእሳት ግሎ ሲሰፋ እንጨቱ ላይ ይጠለቅና ውኃ ሲደፋበት ተኮማትሮ መላውን ያጠብቀዋል። በሸራው ላይ መንኮራኩሩ ባዶ እንጨት ነው። በድንጋይ መንገድ ላይ ሳምንት አይቆይም።

ጠርሙሶቹስ? ለወተት ተብሎ የተሠራው የመስታወት ጠርሙስ በአሜሪካ ገበያ የታወቀው በ1880ዎቹ ሲሆን ስሙ ከኒው ዮርክ ግዛት የፖትስዳም ነዋሪ ከነበረው ከሐርቪ ታቸር ጋር ተያይዞ ይነሣል። ከዚያ በፊት ወተት አዳዩ በጋሪው ላይ ትልልቅ የቆርቆሮ ዕቃዎች ጭኖ ይዞርና ደንበኛው ይዞለት በሚመጣው ማሰሮ ወይም ጆግ ውስጥ በጭልፋ እየለካ ይቀዳ ነበር። «ከ1850 ጀምሮ» የሚለውን ድርጅቱ የተመሠረተበት ዓመት ነው ብለን ብንተረጉመው እንኳ ጋሪው የኋለኛው ዘመን መሆን አለበት፤ የኋለኛው ዘመን የወተት ጋሪ ግን ሌላ መልክ አለው። ወለሉ ወደ መሬት ዝቅ ያለ ነበር፣ በሁለቱም ጎን በር ነበረው፣ አዳዩ በየቤቱ እየዘለለ ሲወርድና ሲወጣ እንዳይደክም። ፈረሱም መንገዱን ስለሚያጠና አዳዩ ጠርሙስ ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ ሲራመድ እርሱ ያለ ነጂ ወደሚቀጥለው ቤት ይጠጋ ነበር። ይህ አሠራር በአንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን ተሻግሮ የቆየ በመሆኑ ፎቶግራፉ ሞልቷል። ሠዓሊው አንዱን ቢመለከት ኖሮ ከዚህ ሁሉ ይድን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን በጋሪው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ሻጩ ይህን ቃል ለጌጥ የመረጠው ይመስለኛል፤ ሆኖም «ንጹሕ የገጠር ወተት» የሚለው ቃል በ1850ዎቹ ኒው ዮርክ ከተማ በጋሪ ላይ በእርግጥ ይጻፍ ነበር፣ የተጻፈባቸው ብዙዎቹ ጋሪዎችም የጫኑት የገጠር ወተት አልነበረም። በማንሃተንና በብሩክሊን የአልኮል መጥመቂያዎች አጠገብ ላሞች ጠባብና ቆሻሻ በረት ውስጥ ታስረው ከመጥመቂያው የሚወጣውን ትኩስ አተላ ብቻ እየተመገቡ ይታለቡ ነበር። አተላ ለከብት ማብላት በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከድርቆሽና ከገለባ ጋር በልክ ሲሰጥ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። የኒው ዮርክ በረቶች ግን ላሟን ከእርሱ በቀር ሌላ እንዳታገኝ አድርገው፣ ጥርሷና ጅራቷ እስኪረግፍ በዚያ ያቆዩአት ነበር። ከእንዲህ ያለች ላም የሚወጣው ወተት ቀጭንና ሰማያዊ ቢጤ ስለሆነ ኖራ፣ ዱቄትና የመሳሰለው እየተጨመረበት ቀለሙና ውፍረቱ ይታረም ነበር። ከዚያም «ንጹሕ የገጠር ወተት» ወይም «የኦሬንጅ አውራጃ ወተት» ተብሎ በተጻፈበት ጋሪ ይታደላል። ኦሬንጅ በእርግጥ ጥሩ ወተት በኢሪ የባቡር መሥመር ወደ ከተማው የምትልክ አውራጃ ነበረች፣ ስሟም ስለተከበረ ተሰረቀ።

በ1858 የፍራንክ ሌስሊ ሥዕላዊ ጋዜጣ ይህን ጉዳይ በተከታታይ እትሞች አጋለጠ። ጋዜጣው ሠዓሊዎቹን ወደ በረቶቹ ልኮ የታመሙትን ላሞች፣ አላቢዎቹንና ወተት አዳይ ጋሪዎቹን እያሣለ አሳተመ፤ ጋሪዎቹ የሚያድሉባቸውን አድራሻዎችም ዘርዝሮ ይፋ አደረገ። የከተማው ሹሞች በመጀመሪያ ነገሩን ለመሸፋፈን ቢሞክሩም በ1862 የኒው ዮርክ ግዛት እንዲህ ያለውን ወተት የሚከለክል ሕግ አወጣ። የወተት ጋሪ ሥዕል ሰብሳቢ ለሆነ ሰው የእነዚያ እትሞች የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ የላቁ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ መመገቢያ ክፍል ውስጥ ለመስቀል የሚደፍር ባይኖርም። እንግዲህ የእኔ ሸራ ሳያውቀው በሐሰተኞቹ ጋሪዎች ላይ የነበረውን ማስታወቂያ ነው ደግሞ የጻፈው።

የሸራውን አሠራር በተመለከተ የምለው አጭር ነው። በማስታወቂያው ላይ «በእጅ የተነካ» ተብሎ የተገለጸው ግልጽ ሙጫ በብሩሽ ተቀብቶበት ስለሆነ የብሩሹ ፈለግ ከሥዕሉ መስመር ጋር አይገናኝም፤ የውስጥ እንጨቱም በአንድ ማዕዘን ጠምሟል። ቅሬታዬን ስጽፍ በትሕትና መለሱልኝ፣ የዋጋ ቅናሽም ሰጡኝ። ጋሪውን በተመለከተ ግን የሰጡት መልስ የለም።

አሁን ወደ «ለገበያ መሰናዳት» ልለፍ። ናትናኤል ከሪየር የኅትመት ሥራውን በኒው ዮርክ የጀመረው በ1830ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ጄምስ አይቭስ በሒሳብ ሠራተኛነት ገብቶ በ1857 ሸሪክ ሲሆን ድርጅቱ «ከሪየርና አይቭስ» ተባለ፤ በ1907 እስኪዘጋ ድረስ ከ7,000 የሚበልጡ የተለያዩ ሥዕሎችን አሳትሟል። ትንንሾቹ በሳንቲም ይሸጡ ነበር፣ ትልልቆቹም ከጥቂት ዶላር አያልፉም። የእሳት አደጋ፣ የመርከብ መስጠም፣ የፈረስ ግልቢያ፣ የፕሬዚዳንቶች መልክ፣ የሃይማኖት ሥዕል፣ የቀረ ነገር የለም፤ የእርሻ ሕይወት ግን ከሁሉ ይልቅ ዘልቆ የቆየው ዘርፋቸው ነው። እንግሊዝ የተወለደችው ፋኒ ፓልመር የአሜሪካን እርሻ በየወቅቱ ሥላላቸዋለች፤ ጆርጅ ዱሪ የበረዶ ወራትን እርሻ አቅርቦላቸዋል። «ለገበያ መሰናዳት»ን በድንጋይ ላይ የሣለው ግን ሉዊስ ማውረር ነው።

ማውረር በ1832 ጀርመን ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ መጣ፤ በ1932 ከመቶ ዓመት ዕድሜው በኋላ ሞተ። በከሪየር ዘንድ ከነበሩት ሠዓሊዎች መካከል ፈረስ አሣሣል ሲነሣ በግንባር ቀደምነት የሚጠራው እርሱ ነው። ይህም በሥዕሉ ላይ ወዲያው ይታያል። ሁለት ፈረሶች የተጠመዱበት የእርሻ ጋሪ በገበሬው ግቢ ቆሞ ለገበያ የሚሆን ምርት ይጫንበታል፤ ቤተሰቡ በዙሪያው ይንቀሳቀሳል። ጋሪው አልተነሣም፣ ሥዕሉም በርዕሱ እንደተገለጸው ስለ መሰናዳት ነው። ሠዓሊው የቆመ ጋሪ በመምረጡ ጠፍሩንና መንኮራኩሩን በአቧራና በሩጫ የመሸፈን ዕድል አላገኘም፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ወጥቶ ይመዘናል፣ ተመዝኖም ያልፋል። ፈረሶቹ ክብደታቸውን በእግራቸው ላይ ያሳረፉበት አኳኋን የቆመ የሥራ ፈረስ አኳኋን ነው እንጂ ለፎቶግራፍ የተዘጋጀ አይመስልም። እኔ በመጀመሪያ የተመለከትሁት የፊትና የኋላ መንኮራኩሮችን ነበር፤ በዚያ ረክቼ ነው ወደ ሌላው የተሻገርሁት።

ይህን ስል ሥዕሉ እውነቱን ሁሉ ይናገራል ማለቴ አይደለም። በ1856 ይህን ኅትመት የሚገዛው ሰው በብዛት የከተማ ሰው ነበር፣ ከገጠር የመጣ ወይም አባቱ ከገጠር የመጣ፤ የተሸጠለትም ያኔውኑ ናፍቆት ነበር። ግቢው ከልክ በላይ የተስተካከለ ነው፣ ጭቃ የለም፣ የደከመ ፊት የለም፣ ዕዳም ሆነ የተበላሸ ምርት አይታሰብም። ከሁለት ዓመት በኋላ የሌስሊ ጋዜጣ የሚያጋልጣት ከተማና ይህች ግቢ በአንድ ግዛት ውስጥ አሉ ብሎ ማመን ያዳግታል። ሆኖም ማውረር ስለ ሰዎቹ ኑሮ ቢያሳምርም ስለ ጋሪው አልዋሸም፤ ጋሪውን የሚያውቅ ገዢ ስለነበረ መዋሸትም አይችልም ነበር። የዘመናችን ሸራ ሠሪ ከእርሱ የሚለየው በችሎታ ማነስ ብቻ አይመስለኝም፤ የሚያርመው ተመልካች በማጣቱም ጭምር ነው።

የኅትመቱ አሠራርም ስለ ቅጂ ጥራት ለሚያስብ ገዢ መታወቅ አለበት። ሠዓሊው ከባቫሪያ በመጣ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ይሥላል፤ ድንጋዩ ውኃ ሲነካው ቅባት የሌለበት ቦታ ውኃውን ይይዝና ቀለሙን ይገፋል፣ ቅባት ያለበት ብቻ ቀለም ይቀበላል፤ በዚህ መንገድ ጥቁሩ መስመር ይታተማል። ሌላው ቀለም ሁሉ በእጅ ይጨመር ነበር። ወጣት ሴቶች፣ አብዛኞቹ ከጀርመን የመጡ ቤተሰቦች ልጆች፣ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዷ ሰማያዊውን፣ አንዷ አረንጓዴውን፣ ሌላዋ ቀዩን እየቀቡ ለጎረቤቷ ያሳልፉ ነበር፤ ትልልቆቹ ኅትመቶች ደግሞ ልምድ ላላቸው ቀቢዎች ወደ ቤት ይላኩ ነበር። የእነዚያ ሴቶች ስም በኅትመቱ ላይ የለም። ከዚህም የተነሣ ሁለት የማይለያዩ ቅጂዎች አይገኙም፤ የአንዱ ሰማይ ሮዝ ቢጤ ሲሆን የሌላው ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ «ትክክለኛ ቀለም» የሚባል ነገር ፍለጋ አያስፈልግም፣ የትኛው ቅጂ እንደተገለበጠ ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

የእኔ ቅጂ የታተመው በሕዝብ ይዞታ ሥር ካለ የዲጂታል ምስል በመነሣት ነው። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 የባለቤትነት ገደብ የሌለባቸውን ምስሎቹን ለማንም ክፍት ያደረገ ሲሆን፣ በዋሺንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ብዙ የከሪየርና አይቭስ ኅትመቶችን በከፍተኛ ጥራት በነጻ እንዲወርዱ ያቀርባል። ምስሉን ራስዎ አውርደው ለአታሚ መስጠት እየቻሉ ለተዘጋጀ ፋይል ብቻ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ገጾች አሉ፤ እነርሱን ማለፍ ይበጃል። በአካባቢያችን ላለ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ፋይሉን ሰጥቼ በጥጥ ወረቀት ላይ በቀለም ርጭት አሳተምሁት፤ ስፋቱን ከዋናው ትልቅ መጠን ጋር አቀራረብነው፣ ወርዱ 68 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆነ፤ ዋጋውም 40 ዶላር ግድም።

ውጤቱ ከጠበቅሁት በላይ ነው። የጥጥ ወረቀቱ ስለማያብረቀርቅ የእርሳሱ ሻካራነት በፈረሶቹ ደረት ላይ በግልጽ ይነበባል፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው እንጂ ወደ ቡናማ አላደላም። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቅቃለሁ፦ አታሚው ሳይጠይቀኝ የወረቀቱን የጊዜ ብዛት ቢጫነት ሊያነጣው ጀምሮ ነበር። ወረቀቱ ሲነጣ በእጅ የተቀባው ቀለም ይጮኻል፣ ሥዕሉም የሕፃናት መጽሐፍ ይመስላል። ቢጫነቱ በመጠኑ ብቻ እንዲቀነስ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሌላው ከሥዕሉ ግርጌ ያለው የርዕሱና የአሳታሚው ጽሑፍ እንዳይቆረጥ ነው፤ አንዳንድ ሻጮች ሥዕሉን ከመደበኛ ክፈፍ ጋር ለማስማማት ይቆርጡታል፣ የሠዓሊው ስምና ዓመቱም አብሮ ይጠፋል። ክፈፉ ከኅትመቱ ሦስት እጥፍ አስወጥቶኛል፤ ጠባብና ጠቆር ያለ የዋልነት እንጨት መረጥሁ፣ መስታወቱም የፀሐይ ጨረር የሚከላከል ነው። መመገቢያ ክፍላችን የምዕራብ ፀሐይ ስለሚመታው በዚህ ላይ መቆጠብ አልፈለግሁም።

ዋናውን ኅትመት መግዛት ለሚያምረው ሰው ጥቂት ልጨምር። የከሪየር ትልልቅ የእርሻ ሥዕሎች በጨረታ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ዶላር ያወጣሉ፤ ገበያው ግን በኋለኛ ዘመን ቅጂዎች ተጥለቅልቋል። ትራቬለርስ የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ለዓመታት እነዚህን ሥዕሎች በግድግዳ ካላንደሩ ላይ እያተመ ሲያድል ስለኖረ ከካላንደሩ ላይ ተቆርጠው በክፈፍ የገቡ ሉሖች በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው ይገኛሉ። አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይያዙ፤ ቀለሙ በተስተካከለ ረድፍ የተሰለፉ ነጠብጣቦች ከሆነ የማሽን ኅትመት ነው፣ ሥርዓት የሌለው የእርሳስ ሻካራነት ከታየ ግን ሊቶግራፍ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሥዕል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ማረጋገጫ አለ፤ በ1856 አይቭስ ገና ሸሪክ ስላልነበረ በግርጌው የሚገኘው የአሳታሚ ስም የከሪየር ብቻ ነው። «ከሪየርና አይቭስ፣ 1856» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቅጂ ዋናው ነው የሚልዎት ሻጭ ቢገጥምዎ ቀስ ብለው ይውጡ።

ከሁለቱም ውጭ የሚፈልግ ሰው ካለ ግራንድማ ሞዝስ በሚል ስም የታወቀችውን አና ሜሪ ሮበርትሰን ሞዝስን ይመልከት። በ1860 የተወለደችው ይህች ሴት በሥዕል ሥራ የበረታችው ከሰባ ዓመቷ በኋላ ሲሆን በጅማሬዋ ከከሪየርና አይቭስ ኅትመቶች እየገለበጠች ትለማመድ ነበር። በቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ሸለቆ በኖረችበት ዘመን ቅቤ እየናጠች ትሸጥ ስለነበር የገበያ ጋሪ ምን ጭኖ እንደሚሄድ ከመጽሐፍ አልተማረችውም። ጋሪዎቿ ከሩቅና በትንሹ የተሣሉ ስለሆኑ ጠፍር መቁጠር አይቻልም፤ ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያላቸው ክብደት ይታያል። ሥራዎቿ አሁንም የባለቤትነት መብት ስላለባቸው በራስ አውርዶ ማሳተም አይፈቀድም፤ ትልቁ ስብስብ ያለበትን በቬርሞንት የሚገኘውን የቤኒንግተን ሙዚየም ሱቅ መጠየቅ ይሻላል።

በዋሺንግተንና በአካባቢው ለምንኖር ደግሞ ከሥዕልም የሚቀርብ ነገር አለ። ዛሬ የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሕንፃ በቆመበት ቦታ በ1872 የተከፈተው በአዶልፍ ክለስ የተነደፈው ሴንተር ማርኬት ነበር፤ በ1931 ፈረሰ። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሚመጡ ገበሬዎች ጋሪዎቻቸውን በገበያው ዙሪያ ጎን ለጎን አቁመው ይሸጡ ነበር። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሥዕልና የፎቶግራፍ ክፍል የሚገኙት የገበያው ፎቶግራፎች ጭቃውንም፣ የተጎሳቆለውን ሸራ ክዳንም፣ ጋሪው ላይ ተደግፈው የሚያንቀላፉትንም ያሳያሉ። ማውረር የተዋቸው ነገሮች ሁሉ እዚያ አሉ። በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በሚወስደው የፔንሲልቬንያው ላንካስተር አውራጃም አሚሽ የተባለው የክርስቲያን ማኅበረሰብ ገበሬዎች እስከ ዛሬ በፈረስ ስለሚሠሩ የሥዕሉን ጠፍር ከእውነተኛው ጠፍር ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ ፊታቸውን ፎቶ ማንሣት ግን እንደማይወዱ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለመግዛት ላሰበ ሰው እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ከአምስት ነጥብ ለሸራው አንድ ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ያም ለማለዳው ብርሃን ነው። ለ«ለገበያ መሰናዳት» ቅጂ አራት ተኩል እሰጣለሁ፤ ግማሿን የቀነስኩት ከጭቃው መጥፋት የተነሣ ነው። ስፋቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል፣ ከዚያ ካነሰ የጠፍሩ መስመር ከፈረሱ ጥላ ጋር ይቀላቀላል። ሸራው ለጊዜው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ሊወስደው የሚፈልግ ጎረቤት ተገኝቷል፣ ስለ መንኮራኩሩ ዘንጎች ግን አልነገርኩትም።